አንድ ጉንጭ ዘምዘም

መካ፣ ነካሳ
ዓርብ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነፋስ የለም፤ ግድግዳው ሲነኩት ያቃጥላል። ቤት ውስጥ ያለነው እናትህ፣ እኔና ጎረቤቷ ጀሚ ነን።

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለሙሐመዲን፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?

እናትህ ታማለች፤ ስልክ የማታነሣው ለዚህ ነው። ለጥርሷ ብላ ከፋርማሲ እየገዛች ስትውጠው የከረመችው አንቲባዮቲክ ሆዷን አበላሸባት። እኔ ጅዳ በምሠራበት ቤት፣ ማዳም ከምትጥላቸው የመድኃኒት ካርቶኖች እያነበብኩ ያወቅሁት ነገር አለ፦ አንጀታችን ውስጥ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እኛ የማንፈጨውን የእህልና የአትክልት አሰር ይበሉታል፤ ከዚያ የሚሠሩት ደግሞ መልሶ አንጀታችንን ይመግባል። መድኃኒቱ እነሱንም ጨርሷቸው ይሆናል ብዬ፣ ከአል-ባላድ ገበያ የአሰር ዱቄት ገዝቼ ላክሁላት።

በስልክ ሳቀችብኝ። “አንቺ ልጅ፣ ሆዴ ውስጥ ከብት የማረባ መሰለሽ እንዴ፣ ቀለብ የምትልኪልኝ?”

“በሁለት ብርጭቆ ውኃ ነው የሚወሰደው፣ እሺ?”

“በዘምዘም ነው እንጂ!”

ደስ አለኝ። ስንት እንደምትጠጣ አልጠየቅሁም። ለካ በአንድ ጉንጭ ነበር የምትውጠው። የተባረከው የዘምዘም ውኃ በኒያ፣ በቅን ልብ፣ ከተጠጣ ጠብታው ይበቃል ትላለች፤ በላዩ የቧንቧ ውኃ መጨመር ነውር መሰላት። ዱቄቱ ግን ውኃ ካጣ አንጀት ውስጥ አብጦ ይረጋል። ዛሬ ስደርስ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልሳለች።

ሙስተሽፋ፣ ሐኪም ቤት፣ እንውሰዳት ስል ጀሚ ራሱን ነቀነቀ። “እቴ ሙፊዳ፣ እሷ እኮ ኢቃማ የላትም፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለችው። ከሐኪሙ በፊት ሹርጣ ነው የሚቀበላት፤ ከዚያ እስር ነው።”

“ኸላስ፣ ተዉኝ” አለች እናትህ።

ሲመሽ ሆዷ ይጮኽ ነበር። አሁን ዝም ብሏል። የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው፤ አንጀቷ ጨርሶ የቆመ ይመስላል።

ቅዳሜ ጧት

ሱብሂ ሰገድኩ። ፊቷን አጠብኩላት። አባያዬን አለበስኳት፤ የራሴን ኢቃማ እጇ ላይ አስጨበጥኳት። መልካችን አንድ ነው፤ አሻራ ካልጠየቁ ያልፋል።

“ስምሽ ማነው?” አልኳት።

“ሙፊዳ” አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ጀሚ አዝሎ ቁልቁለቱን አወረዳት፤ ታክሲ አሳፍሮ ወደ ሙስተሽፋ ይዟት ሄደ። ያለ ወረቀት ልከተላት አልቻልኩም። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና ይህን ልጨርስልህ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ ስለ ሙፊዳ ክፉ ወሬ ቢደርስህ፣ በስሜ የተኛችው እናትህ ናትና፣ ለእኔ አታልቅስ። አላህ ልብህን ያጽናው፤ የእናትህ ዱዓ ጥላ ይሁንህ።

አክስትህ ሙፊዳ