ዘጠኝ መጻሕፍት በአንድ ጀርባ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጣቶችህስ? ብርድ ሲሆን አውራ ጣትህ እንደሚቆለፍብህ የነገረችኝ ባለቤትህ ናት፤ አንተማ ብትሞትም አትናገርም። የማተሚያ ቤቱ ሙጫ አሁንም ያስነጥስሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጸጉሬ መሸበትና ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ደብዳቤ መጻፌ አያስደንግጥህ። ማንም አልሞተም፣ ለጥቂት ቢሆንም ከሥራም አልተባረርኩም። በስልክ እንዳልነግርህ አውቅሃለሁ፤ ወሬው ወደ ራስህ ሲጠጋ «ቆይ፣ ሙጫው ሊደርቅብኝ ነው» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

የምሠራበት የምርምር ተቋም በየዓመቱ በመጽሔቱ ላይ «ባለሙያዎቻችን ምን ያነባሉ?» የሚል ገጽ ያወጣል። ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። የሥራ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ የሚደረድሩት ያንኑ የሙያችንን መጽሐፍ ነው። ግማሹን እንዳላነበቡት ደግሞ አውቃለሁ፤ ከእኔ ተውሰው ገጹ እንኳ ሳይገለጥ ነው የሚመልሱልኝ። እኔ ግን፣ ታውቀኝ የለ፣ ዐሥር መጻሕፍት ስመርጥ ስለ ኢኮኖሚ የሚያወራ አንድም አላስገባሁም።

የንብ እርባታ መመሪያ አስገባሁ፤ ሥራ ያለ አለቃ እንዴት እንደሚከፋፈል ከእሱ በላይ ያስረዳኝ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ስታዋልድ የኖረች ሴት የጻፈችውን ማስታወሻ አስገባሁ፤ «ምጥ ቀጠሮ አያውቅም» የምትለው ነገሯ እኛ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ካፈሰስነው ቀለም ሁሉ ትበልጣለች። አንድ ወፍራም የወንጀል ልብ ወለድም አለበት። የዋጋ ጥናት ይዞልኝ የሚመጣውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ «የቱ ጋ ነው የዋሸኸኝ?» ማለትን የተማርኩት ከእሱ ነው። ግጥምም አለ፣ የድልድይ አሠራርም አለ። ከየርዕሳቸው ሥር ለማን እንደሚስማሙ ጻፍኩ፤ ይኼ ለቸኮለ፣ ይኼ ለታመመ፣ ይኼ ከአለቃው ጋር ለተኳረፈ።

ኩራት አይሁንብኝና፣ ያን ገጽ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ያልለጠፈ ቢሮ የለም። የበሩ ጥበቃ የንቡን መጽሐፍ ጨርሶ ጠዋት ስገባ አስቆመኝና «ለመሆኑ ከሁሉም የበለጠ የታሰረችው ንግሥቲቱ አይደለችም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከባልደረቦቼ አንዱም ጠይቆኝ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

አንደኛ ላይ ያስቀመጥኩት ግን «የሩቅ ገበያ መንገደኞች»ን ነው። አዎ፣ ያንን ቡናማውን። እናታችን ባረፈች ዓመት፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አንተም ገና ጥረዛ ክፍል ተቀጥረህ፣ በብብትህ ሥር ይዘህልኝ የመጣኸውን። «ዐሥራ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ «ስለ ሁሉም ነገር ነው፤ ለሁሉም ሰው ይሆናል።» ደግሞም እውነቴን ነው። መንገደኞቹ ወደ ሩቁ ገበያ ሲሄዱ ሐኪም ያገኛሉ፤ ሐኪሙም ዐሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ ስለ ትኩሳት ያስረዳቸዋል። ከዚያ ፍርድ ቤት ደጃፍ ያርፉና የሁለት ጎረቤታሞች ክርክር ይሰማሉ። ከዚያ ስለ ደመና፣ ከዚያ ስለ ጣሪያና ምሰሶ። ሁሉም መጽሐፍ ሁሉን ነገር መያዝ ያለበት ይመስለኝ ነበር። እስከ ዛሬም ያገኘሁትን ሁሉ የማነበው ከዚያ በተረፈ አመል ነው።

የገጹ ቁጥር ከዐሥራ ስድስት ተነሥቶ ዘጠና ሰባት ሲገባ ጠይቄህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? «መንገደኛ ሲዘል ገጹም አብሮ ይዘላል» አልከኝ። እኔም አመንኩህ! ሚኒስትሮች የሚሰጡኝን ቁጥር ሦስቴ ሳላጣራ የማላልፍ ሴትዮ፣ ይህን አምኜ ሠላሳ አራት ዓመት ኖርኩ።

ከመጽሐፉ አንድ ዐረፍተ ነገር በቃሌ ይዤ ነበር። «ሰው ገበያ የሚወጣው ሊሸጥ ብቻ አይደለም፤ መኖሩን የሚያይለት ሰው ፍለጋም ነው።» ንግግሬን ሁሉ የምከፍተው በዚህ ነው። በሁለት ጥናቶቼ ጠቅሼዋለሁ፤ ሌሎችም ከእኔ ወስደው ጠቅሰውታል።

የቤተ መጻሕፍታችንን ኃላፊ «ዝምታ» እንለዋለን፤ በየግድግዳው ዝምታ የሚል ወረቀት ለጥፎ እሱ ራሱ ግን ሲያወራ አይጣል ነው። አንባቢዎች መጽሐፉን አምጣልን ብለው ሲይዙት ፈለገ፣ አጣ። ወደ ሌሎች ቤተ መጻሕፍት ጻፈ፣ ከዚያም አጣ። በሦስተኛው ሳምንት ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በየትም አገር ታትሞ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ምሳ ቤት ደረሰ። ያቺ ዐረፍተ ነገር ከየት መጣች ተባለ። ፈጥራ ነው የጠቀሰችው ተባለ። ለእኛ ምንጭ ፈጥሮ መጥቀስ ለአንተ ገጽ አጉድሎ መጠረዝ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራ የሚያምንህ የለም። ዋና ዳይሬክተሩ አስጠራኝና በጨዋ ደንብ «የማስታወስ ስህተት ነው ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊና ከዝርዝሩ እናውጣው፤ ሰው ይረሳዋል» አለኝ። ፈራሁ፣ አልዋሽህም። ሃያ ዓመት የገነባሁት ስሜ በአንድ የልጅነት መጽሐፍ ሊፈርስ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። አንድ ሳምንት ስጠኝ ብዬው ወጣሁ።

ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው ካርቶን ውስጥ አወጣሁትና ለዝምታ ወሰድኩለት። መስኮት አጠገብ ሆኖ ጀርባውን ዳበሰ፣ ክሩን ቆጠረ፣ ወረቀቱን በብርሃን አየ። ከዚያ «ይኼ መጽሐፍ አይደለም፤ ዘጠኝ መጻሕፍት ናቸው» አለኝ። እያንዳንዱ ዐሥራ ስድስት ገጽ ከሌላ መጽሐፍ የተጣለ ነው። አንዱ ቀለም ፈሶበታል፣ አንዱ ጠርዙ ተቀዷል፣ አንዱ ተጣሞ ታትሟል። የወረቀቱ መልክ እንኳ አንድ አይደለም። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ማለት ይኼው ነው።

በየመካከላቸው ደግሞ በጽሕፈት መኪና የተመቱ ስምንት ቅጠሎች ተሰፍተዋል። መንገደኞቹን ከሐኪሙ ወደ ዳኛው፣ ከዳኛው ወደ ደመናው የሚያሻግሯቸው እነሱ ናቸው። የእኔ ዐረፍተ ነገር ሦስተኛው ላይ አለች። ዝምታ ስምንቱንም አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «ጠራዡስ ጠረዘው፤ ደራሲው ማነው?» አለኝ።

እኔ ግን አምስተኛውን ቅጠል እያነበብኩ ነበር።

እዚያ ላይ ትንሿ መንገደኛ አለች። ሌሎቹ ጥለዋት እንዳይሄዱ ጫማዋን አድርጋ ነው የምትተኛው። ታላቅየው አይቆጣትም፤ አያሾፍባትምም። የመስፊያ ክር ያመጣና አንዱን ጫፍ ከእሷ ጣት፣ ሌላውን ከራሱ ጣት ያስራል። እኔ ከሄድኩ ክሩ ይቀሰቅስሻል ይላታል። ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? እንደ እኔ የምታደርግ ሌላ ልጅ አለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከእናታችን በኋላ ጫማዬን አድርጌ እንደምተኛ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አንተም አንድ ቀን አንሥተህብኝ አታውቅም። በዚያው ሳምንት ጫማዬን አወለቅሁ።

ወንድም ጋሼ፣ ስመረቅ ከመምህሮቼ ጋር ና ተቀመጥ ብዬ እጅህን ስጎትት በር ላይ ቆመህ ምን ነበር ያልከኝ? «እኔ የመጽሐፍ ጀርባ እንጂ ሆዱን አላውቅም።» እኔም ሞኟ ስቄ ተውኩህ። ዛሬ በተራዬ እቆጣሃለሁ፤ ውሸታም ነህ!

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጀርባው ላልቶ ስለነበር ዝምታ ሊጠግነው ሲከፍተው፣ ለማጠንከሪያ ከውስጥ የለጠፍከውን ወረቀት አገኘ። ለዚህ የምትጠቀሙት የማያስፈልግ ወረቀት እንደሆነ ድሮ ነግረኸኛል። ይህኛው ማኅተም አለው። ያንተም ስም አለበት። የመምህራን ማሠልጠኛው እንደተቀበለህና ሻንጣህን ይዘህ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድትቀርብ ይላል። ቀኑ እናታችን ካረፈች ሁለት ወር ያልሞላው ነው። ለእኔ የነገርከኝ ፈተናውን መውደቅህን ነበር። አልጠይቅህም፤ አንተም አትመልስልኝ። የሙያችን ግማሹ «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት ነው፣ ቀሪው ግማሽ ያንኑ በሂሳብ መጻፍ ነው። ይህን ወረቀት ግን በየትኛው ሂሳብ እንደማስገባው አላውቅም። ዝምታ አንብቦ ሲጨርስ ቦታው እዚሁ ነው ብሎ መልሶ ለጠፈው።

ዳይሬክተሩ ጋ ሄጄ ከዝርዝሩ አላወጣውም አልኩት። እርማት ግን ጻፍኩ፤ በሚቀጥለው የመጽሔቱ ቁጥር ይወጣል። እንዲህ ይላል፦ «በአንደኛነት የጠቆምኩት መጽሐፍ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ልታገኙት አልቻላችሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የደራሲውን ስም ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ደራሲው መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ወንድሜ ነው።» ዳይሬክተሩ ሁለቴ አነበበውና መዋስ የሚፈልግ ሰው ተራ የሚይዘው የት ነው አለኝ። ከፊቱ ዐሥራ ሰባት ሰው አለ። የመጀመሪያው የበሩ ጥበቃ ነው።

ዝምታ ለመጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ካርድ አዘጋጅቷል። ርዕሱን ጽፏል፣ የገጹን ብዛት ጽፏል፣ የደራሲውን መስመር ግን ባዶ ትቶታል። ባለቤቱ በእጁ ካልሞላው እኔ አልነካውም ይላል። ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ብዕር ያዝና ስምህን እስከ አያትህ ጻፍልኝ። አውራ ጣቴ ተቆልፏል የሚለውን ሰበብ አልቀበልም፤ ባለቤትህ ቆማ ታስጽፍሃለች፣ ነግሬያታለሁ።

ጣቶችህን ይባርክልኝ። ክርህ አይበጠስ፣ መርፌህ አይጠፋ። ልጆችህ ያንተን ልብ ይውረሱ። ዕድሜህን ያርዝመውና ስምህ የተጻፈበትን መደርደሪያ ቆመህ ለማየት ያብቃህ፤ በር ላይ ሳይሆን ውስጥ ገብተህ።

ጫማዋን አውልቃ የምትተኛው
እህትህ