ከቆቡ በፊት

ጥር ፲፫፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ፭ ሰዓት
ዛሬም ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ጉዳይ የለኝም። ባቡሩ ዘግይቷል። ወ/ሮ አየለች እንደ ወትሮው ለመንገደኞች ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ከሐዲዱ ዳር ተቀምጣለች። የወለንጪቲ ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ጠይቄ አይደለም፣ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። አጠገቧ ስደርስ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች፤ መስቀል አሳለምኳት። ተመልሳ ተቀመጠች። አለቀ። ከቤቴ የወጣሁት ለዚህ ነው።

ጥር ፲፮፣ ሐሙስ
የደብሩ አለቃ አስጠሩኝ። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ፤ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ይመነኩሳል፤ ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። ዳግመኛ ባገባ ቅስናዬ እንደሚፈርስ እሳቸው አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቆቡን እንድቀበል ቆረጡ። እሺ አልኩ።
ማስታወሻዬ፣ እሺ ማለት ለምን እንዲህ ይቀለኛል?
ምሳዬን ቆሜ በላሁ። ለአንድ ሰው ገበታ መዘርጋት ያሳፍራል።

ጥር ፳፣ ሰኞ
አቧራ። ንፋስ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።
ዲያቆን ሳለሁ አባቴ መርጠው አጋቡኝ። ዘነበችን ለማግኘት አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ሠላሳ አራት ዓመት ኖርን። ደግ ነበረች። ስታስል እንኳ እንዳትረብሸኝ ፊቷን ታዞር ነበር።
ለስንቱ ጎረምሳ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ጠይቄአለሁ። ለራሴ ማንን ልላክ? የመጀመሪያው ሽማግሌ ከቤቴ ወጥቶ አለቃ ዘንድ ነው የሚገባው።

ጥር ፳፫፣ ሐሙስ
መስቀሌን ሆን ብዬ ቤት ትቼ ሄድኩ።
ስታየኝ ተነሣች። ጎነበሰች። ጠበቀች። እጄ ባዶ ነው። ጎንበስ እንዳለች ቆየች፤ ከሁሉ የከፋው ያ ነው። ቀና ስትል መስቀልዎን ረሱ እንዴ አባቴ አለችኝ። አልረሳሁም አልኳት። ዐይን ዐይኔን አየችኝ። አጠገቧ ብርቱካን የምትሸጠው ፋጡማ፣ አባ ዛሬ እንደኛ ባዶ እጃቸውን መጡ ብላ ሳቀች። አየለች አልሳቀችም። በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ፋጡማ ወደ ብርቱካኗ ዞረች። ከዚያ አየለች እንቁላል ልጣ ጨው ነስንሳ ሰጠችኝ። ምን እንደምናገር ሳላስብ በልቼ ጨረስኩ። ምስጋናም ረሳሁ።

ጥር ፳፬
አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ አፈርኩ።

ጥር ፴፣ ሐሙስ፣ ከጣቢያ እንደተመለስኩ
ነገርኳት። የባቡሩ ፉጨት ገና አልተሰማም፤ ፋጡማም አልመጣችም። በደንብ አልነገርኳትም። ቤቴ ውስጥ ድምፅ የለም አልኳት። ቆብ ሊጭኑብኝ ነው አልኳት። አንቺ ብትኖሪ አልኩና አልጨረስኩም።
ዳቦውን በጨርቅ ሸፈነች። አልተቆጣችም። እኔ ግን ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«እኔ ቄስ አላፈርስም» አለች። «መጀመሪያ ለአለቃው ይንገሩ። ቅስናዎን ይተዉት። ከዚያ ይምጡ፣ እሰማዎታለሁ።»
እሺ ትይኛለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።
«አላውቅም። አሁን እሺ ብል እኮ ያፈረስኩዎት እኔ ነኝ።»
ባቡሩ ገባ። መንገደኞቹ ከበቧት። ገፍተው አወጡኝ።

የካቲት ፫፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ
ቀደስኩ።
ቅስናዬን እወደዋለሁ። ይህን ጽፌ አላውቅም። ለማይታወቅ መልስ ሠላሳ ዓመት ይሰጣል? ከተውኩት በኋላ አለቃ መልሰው አያስገቡኝም። እምቢ ካለችኝ እሷም የለች፣ መንበሩም የለ። ቆቡን ከተቀበልኩ ግን የሚጠይቀኝ አይኖርም። መልካም መነኩሴ እባላለሁ። ይዋጣልኛል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

የካቲት ፬፣ ሰኞ
ጣቢያ አልሄድኩም። ፉጨቱን ከቤት ሰማሁ። ፈልጋኝ ይሆን? አትፈልገኝም። ደግሞ ማን ያውቃል።

የካቲት ፯፣ ሐሙስ
ዛሬም ቀረሁ። ያለ መልስ ብሄድ ምን እላታለሁ። ዘነበች ብትኖር ምን ትለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ምንም አትለኝም ነበር። በሕይወቷም ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም። ሠላሳ አራት ዓመት፣ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። አየለችን ግን ጠየቅኩ፤ አላውቅም አለችኝ። ሴት ለጥያቄዬ እውነቱን ስትመልስልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የካቲት ፱፣ ቅዳሜ
ጠዋት አለቃ ዘንድ ገባሁ። ቆቡን አልቀበልም፣ ቅስናዬንም ትቻለሁ አልኳቸው።
«ለማን ብለው ነው?» አሉኝ።
እስካሁን ለማንም አልኳቸው። አላመኑኝም። ቀጥሎ ግን ያመኑኝ መሰለኝ፤ የባሰ አዘኑ። እንደገና እንዳስብበት ለመኑኝ፣ ሰው ምን ይላል አሉ፣ ከዚያ ተቆጡ። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ።
ቤት ገብቼ ጥምጥሜን ፈታሁ። ራሴን በረደኝ።
ዛሬ ባቡር የለም። ሰኞ እሄዳለሁ። እምቢ ልትል ትችላለች፤ ከአለቃ ደጅ እስከ ቤቴ ድረስ እምቢታዋን ለመስማት ስለማመድ ነው የመጣሁት። አልተቻለኝም።
ነገ እሑድ ነው። ከሕዝቡ ጋር አስቀድሳለሁ። በወንዶቹ በኩል ማን አጠገቡ እንደሚያስጠጋኝ አላውቅም። በማለዳ እሄዳለሁ፣ ሰው ሳይሞላ።