ሦስተኛው ሲዲ

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሻይ በዳቦ። ሙቀቱ ገና ከአሁኑ... ጥቅምት እንዲህ ከሆነ ግንቦት ምን ሊሆን ነው?

ዲቪዲውን አበራሁት። አምስት ሲዲ ባንዴ የሚውጥ ነው። አማቼ ብርሃኑ ጅቡቲ ሲመላለስ አምጥቶልኝ፣ “አባባ፣ ሲዲ ለመቀየር እየተነሱ እንዳይደክሙ” አለኝ። ሳህኑ ወጥቶ አምስቱን ዙሪያውን ይቀበልና ይገባል። ከዚያ ሪሞት ላይ ቁጥሩን መጫን ብቻ ነው። አንደኛው መዝሙር። ሁለተኛው ስብከት። ሦስተኛው የልጄ የሕይወት ሰርግ። አራተኛው መልሷ። አምስተኛው ቦታ ባዶ ነው፤ የማስገባው አላገኘሁም።

የሺ እንደ ልማዷ መጣች። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ነጠላዋን ሳታወርድ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ቁጥርን ተጫንኩ። ክርር ብሎ ዞረ። ሁለታችንም የምንጠብቀው አንድ ቦታ ነው።

በሩ ጋ። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊወስዱ ሲመጡ ሴቶቹ ከውስጥ በሩን ይዘው አናስገባም የሚሉበት። ካሜራው ውጭ ነው። ከፊት የሚገፋው የየሺ አንድያ ልጅ እዮኤል ነው። የብርሃኑ መኪና ረዳት ስለነበር ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ ከወንድ ወገን ቆመ። ሽቶ ይረጫል፣ ይገፋል። በሩ ገርበብ ሲል ሚስቴ ንግሥት ብቅ ትላለች። እየሳቀች ኮሌታውን ይዛ ትስበውና ጆሮው ላይ አንድ ነገር ትለዋለች። እሱ በሳቅ ይፈርሳል። በሩ ይከፈታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ሁለቱም የሉም። ንግሥት በጉበት ከሞተች ሦስት ዓመቷ። እዮኤል ዐምና በጥር፣ ከሌላ ሾፌር ጋር ሆኖ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ።

ምን ብላው ይሆን? እልልታው ድምጿን ውጦታል። አፏን እንዳላይ ደግሞ የልጁ ትከሻ ይጋርደኛል።

ጥቅምት 6

መብራት የለም። መንገድ ዳር ሽንኩርት ጫኞቹ ሲጯጯሁ ዋሉ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

“እዚያ ጋ ያዙልኝ፣ ጋሼ ገብሬ።”

ያዝኩላት። ልጁ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ከንግሥት የሚታየኝ ግን ከትከሻው በላይ ያለው ግማሽ ግንባሯ ብቻ ነው።

“ሳቁ የአባቱ ነው። ጢም እንኳ በቅጡ አላወጣም ነበር።”

“ልልቀቀው?”

“ትንሽ ይቆይ።”

ቆየ። ሻዬ በረደ። “አሁንስ?” አልኳት።

“እባክዎ ጋሼ።”

እሷ ከሄደች በኋላ እንደፈለግኩ ማየት እችላለሁ። ታዲያ ለምን ተናደድኩ? የራሴ ቤት፣ የራሴ ዲቪዲ፣ የራሴ ሚስት... እንዲህ እያልኩ ነበር በሆዴ። ልጁን ጠላሁት። ከሚስቴ ፊት ቆመብኝ ብዬ የሞተ ልጅ ጠላሁ። ከዚያ ተነስቼ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። አፌ ብቻ ነው የደገመው።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ዛሬ የሺ፣ “ኢብሮ ኮፒ አደርግልሻለሁ ብሎኛል። ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ” አለች። ኢብሮ መናኸሪያው ጋ ሞባይልና ሬዲዮ የሚጠግነው ነው፤ ከእዮኤል ጋር ኳስ እየተራገጡ ነው ያደጉት።

“ይቧጨራል” አልኳት።

“በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምወስደው። እጄም አይነካው።”

“ሌላ የለም፣ የሺ። ቪዲዮ ቀራጩ ስቱዲዮውን ዘግቶ ሄዷል። የሕይወትም ቅጂ ጠፍቶባታል። ያለችው ይቺው ናት።”

“እንግዲህ... ልክ ነዎት።”

ልክ አይደለሁም። ኮፒ ቢደረግ ምኔ ይጎድል ነበር? እንዲያውም ሌላ ቅጂ ይኖረን ነበር። ግን ቤቷ ሆና ካየችው እኔን መለመን ልትተው ነው... መለመኗን ወድጄዋለሁ። ይኸን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም።

ኅዳር 1፣ እሑድ

መጣች። አራት ጊዜ ሲዲውን ወደ ኋላ አስመለሰችኝ። በአራተኛው አልሰማሁም አልኳት።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አባ ትናንት ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው፣ ስለ ንግሥት ሲያጽናኑኝ፣ ለሞተ ሰው ከእንባ ይልቅ ጸሎት ይጠቅመዋል አሉኝ። ይኸን ብቻ ነው ያሉት።

ዛሬ የሺ ሳጥኑ ላይ ከመቀመጧ፣ “በየሳምንቱ እየቀሰቀስሽው የልጁ ነፍስ በምን በኩል ታርፋለች?” አልኳት።

ቀና አለች። “ምን ማለትዎ ነው?”

“የሞተን ሰው በሲዲ እያስነሱ ማየት ነውር ነው። ነፍሱ ትጨነቃለች።”

“ኃጢአት ነው?”

“አባ ብለዋል።”

“እርስዎስ? እትዬ ንግሥትን?”

“እኔም ትቼዋለሁ።”

እጣላታለሁ ብዬ ነበር። ትከራከረኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ ብዬ ቃሌን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን አመነችኝ። ቅዳሴ የማላስታጉል ሰው ስለሆንኩ አመነችኝ። “ይኸን ሁሉ ጊዜ ልጄን አስጨንቄዋለሁ ማለት ነው” አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ደጅ ወጥታ ጫማዋ አልገባላት ብሎ ቆየች። ተቀምጬ አየኋት።

ኅዳር 9

መስኮቱን ዘጋግቼ በጠራራ ፀሐይ አየሁት። ድምፁን አጠፋሁት፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ይሰማል። ማንም ያዙልኝ አላለኝም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾመ ነቢያት ገባ። የሺ ስግደት ይዛለች። በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ጉልበቷ መሬቱን ሲመታ፣ ዝም ሲል፣ ደግሞ ሲመታ።

ቦኖው ጋ ተገናኘን። ጄሪካኗን ይዛ እያነከሰች ነው የመጣችው።

“ጋሼ፣ ይቅር ይለኝ ይሆን?”

“እግዚአብሔር መሐሪ ነው” አልኳት።

“እሱስ እሺ። እዮኤልን ነው የምልዎ።”

ጸልዪ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ቃሉንም አውቀዋለሁ። ጄሪካኔን ሞልቼ ገባሁ።

ታኅሣሥ 2

ዛሬም አየሁ። ግንባር፣ ትከሻ፣ ግንባር። ከንፈር የለም።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሴቶቹ ለየሺ ቦታ ሲለቁላት አየሁ። ጉልበቷ አብጦ መቆም አቅቷታል። አንዷ፣ “ይቺ ሴትዮ ልትመንን ነው መሰለኝ” ብላ ሳቀች። የሺም አብራ ሳቀች።

ማታ ስጸልይ አቡነ ዘበሰማያት መካከል ላይ ጠፋኝ። ይቅር በለን የሚለው ጋ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ዲቪዲው ሲዲውን ነክሶ ያዘ። ሦስትን ስጫን መዞር ጀመረና ግማሽ ላይ ቆመ። ሳህኑ አልወጣ አለ። ነቀልኩት፣ ሰካሁት። መታሁት። ውስጡ ጢቅ ጢቅ ይላል እንጂ አይንቀሳቀስም።

ኢብሮን ልጥራው? ቢመጣ በአምስት ደቂቃ ያወጣዋል። ግን ሦስተኛው ላይ ምን ሲያዩ ነበር ጋሼ ይለኛል። ከዚህ ወጥቶ ደግሞ የሺ ቤት ነው የሚገባው፤ እንደ ልጇ ነው።

ቢቆይ ይሻላል።

ታኅሣሥ 21

አልቆየም። አልቻልኩም።

የሽንኩርት ቢላ ከተትኩበት። ሳህኑ ተፈልቅቆ ወጣ፤ ሲዲውም ወጣ። ጀርባው ላይ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ የቢላ ጭረት አለበት። አጠብኩት። በጥጥ አሸሁት። የጥርስ ሳሙና ይረዳል ሲሉ ሰምቼ ነበርና ቀባሁት።

መልሼ ከተትኩት። ሴቶቹ በሩን ይዘዋል። ልጁ ሽቶውን ያነሳል። በሩ ገርበብ ይላል... ከዚያ ምስሉ ቁርጥርጥ ብሎ ይቆማል። ሲለቀው ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ገብታለች። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። አሥሩንም ጊዜ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ናት።

በቃ? እንዲህ በቀላሉ?

ታኅሣሥ 29፣ ልደት

ሕይወት ከደብረ ብርሃን ደወለች። “አባባ፣ እትዬ የሺ እንዴት ናት?” አለችኝ። “ደህና ናት” አልኳት። የሺ ድፎ ዳቦ ልካልኛለች፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልቆረስኩትም።

ጥር 14

ዛሬ የእዮኤል ሙት ዓመት ነው። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን የሺ በቀጥታ እኔ ቤት መጣች። እያነከሰች፣ ፊቷ ግን በርቷል። እንዲህ ካየኋት ቆየሁ።

“አባን ጠየቅኳቸው። ምንም ኃጢአት የለበትም አሉኝ። የልጅሽን መልክ ብታዪ ማን ይቆጣሻል አሉኝ።”

“እኔ እኮ...”

“ማን እንዲህ አለሽ ሲሉኝ ስምዎን አላነሳሁም። እርስዎም ተሳስተው ሰምተው ይሆናል ብዬ ነው።” ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። “አንዴ ብቻ ያሳዩኝ፣ ጋሼ።”

ተበላሽቷል ማለት እችል ነበር። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ምናልባት ለእሷ ሲሆን ይሠራል ብዬ? ሦስትን ተጫንኩ። ዞረ። ሴቶቹ፣ በሩ፣ ሽቶው... እጆቿን አጋጠመች። ተቆራረጠ። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ናት።

“አለፈዎት መሰለኝ። ይመልሱልኝ።”

መለስኩ። ያው። ደግሜ መለስኩ። ያው። በሦስተኛው፣ “ተዉት” አለችኝ በዝግታ።

“አባ ናቸው የተሳሳቱት። እርስዎ ልክ ነበሩ። እግዜር ራሱ ደመሰሰው” አለች።

ዲቪዲው እየሠራ ነው። የልጄ ሰርግ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ በከተማው ይዞራል። የሺ ተነስታ ወጣች። እኔ ዝም እንዳልኩ ነኝ።

ጥር 15

እንቅልፍ አልነበረም። ጠዋት ቤቷ ሄድኩ። ደጅ ተቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች።

“የሺ፣ እግዜር አይደለም የደመሰሰው። እኔ ነኝ። በቢላ።”

ማበጠሯን አላቆመችም። “በቢላ ምን ሲያደርጉ?”

“ሳህኑ አልወጣ ብሎኝ።”

“ትቼዋለሁ አላሉኝም ነበር?”

“አልተውኩትም። አባም አላሉም። ከራሴ ነው ያመጣሁት።”

“እኔ ስሰግድ... ያዩት ነበር?”

“አዎ።”

ሰፌዱን አስቀመጠች። ጭኗ ላይ የቀረውን እብቅ አራገፈች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

“እንግዲያው ይንገሩኝ” አለች። “ከእኔ በኋላ ያዩት እርስዎ ነዎት። እየጠፋብኝ ነው፣ ጋሼ። ሽቶውን የያዘው በቀኙ ነው በግራው?”

ቀኜን አየሁ፣ ግራዬን አየሁ።

“ሲስቅ ዓይኑን ይጨፍናል ወይስ አይጨፍንም?”

“አላየሁትም፣ የሺ።”

“ያን ሁሉ ጊዜ አይተው?”

“እሷን ነበር የማየው። እሱ ይጋርደኝ ነበር።”

ይኸን ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው የሰማሁት።

“ይጋርድዎት ነበር” አለች። “ከእሷስ ምን ፈልገው ነው?”

“ጆሮው ላይ ምን እንዳለችው።”

ሳቀች፤ አጭር፣ ያለ ድምፅ። “እኔ እኮ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ከሴቶቹ ጋር በሩን ይዤ፣ ክንዴ ክንዷን ነክቶ። ሰምቻታለሁ።”

ግድግዳውን ያዝኩ።

“በየእሑዱ አጠገብዎ ነው የተቀመጥኩት። አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ እየሳቅኩ ነበር የምነግርዎት።”

“ምን አለችው?”

ሰፌዱን አነሳች። “ስለ እርስዎ ነው” አለችና ማበጠሯን ቀጠለች።

ጥር 18፣ እሑድ

ሁሉንም ለአባ ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ። እሷንም ይቅርታ ለምን አሉኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ።

ተቀበለችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ይቅርታ ስላት፣ “እግዜር ይቅር ይበለን” አለች፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። የኢብሮ ሚስት ወልዳለች። መገላገሏን ነገረችኝ፤ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ነገረችኝ። እንዲህ ስታወራኝ የሰማ ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ልነሳ ስል፣ “የሺ... ያ ነገር” አልኳት።

“ዛሬ ትዝ አላለኝም፣ ጋሼ። እሑድ ይምጡ እስቲ።”

ደግ ቃል ይሆን? ወይስ ስትስቅብኝ ነው? ንግሥት እኔን እያነሳች ከልጆች ጋር ትቀልድ ነበር፤ አኩራፊነቴን፣ ስስታምነቴን... ወይስ ሌላ ነገር? የሺ ፊት ላይ አይነበብም።

ጥር 25፣ እሑድ

ሄድኩ። “እኔ እንጃ” አለችኝ። “ጫፉ መጣልኝና ሄደ።”

አልረሳችም። እንዳልረሳች አውቃለሁ። እንደማውቅም ታውቃለች።

የካቲት 2፣ እሑድ

ቅዳሴው ሳያልቅ ሐሳቤ እዚያው ነበር። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ሄድኩ። ለእኔ የሚሆን በርጩማ ቀድማ ደጅ አውጥታለች።