ዘግይተው የመጡት ረድፎች

ሰኞ፣ የካ. 3። ጠዋት 3፡20

መብራት የለም። ጄኔሬተር ላይ ነን። ሰርቨሩ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል። ደብተሬ፣ ዛሬ አጭር ነው የምጽፍልህ፤ የወሩ ሪፖርት አላለቀም።

ሲ/ር እናትነሽ መጥታ ነበር። የጤና ጣቢያችን የቲቢ ክፍል ነርስ። የሠራሁትን የኮምፒውተር ገጽ ከማንም በላይ የምትጠቀምበት እሷ ናት። ላብራቶሪው የአክታ ውጤት ሲመዘግብ፣ እሷ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ረድፉ ራሱ ይመጣል። ገጹን እንደገና መክፈት አያስፈልጋትም። ለዚህች ነገር ሁለት ወር ለፍቻለሁ፣ እኮራባታለሁ። ከረድፉ ጫፍ «ላክ» የሚል ቁልፍ አለ። ስትጫነው ውጤቱ በመልእክት ለበሽተኛው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ይሄዳል። በቁልፉ ቦታ «ተልኳል» የሚል ይወጣል።

አንዳንዴ አይወጣም አለችኝ። ቁልፉ ሲጫኑት ገባ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ቀና እንኳ ሳልል መለስኩላት፤ ኔትወርኩ ነው፣ ቆይቶ ይሄዳል፣ ተጫኚና ቀጥዪ አልኳት። ወጣች።

ሪፖርቱ። ሪፖርቱ።

ዓርብ፣ የካ. 7። 10፡00

ገበያ ነው። ግቢው በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። ገበያ የመጣ ሁሉ በዚያው ይመረመራል።

ሲ/ር እናትነሽ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ከሰዓት በኋላ አንዱም «ተልኳል» አላላትም። ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይደክመዋል፣ እንደኔው ነው ብላ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ከሰዓት መስመር ይጨናነቃል አልኳት።

መዝገቤ ላይ ምን ልበል አለች። የወረቀት መዝገብ አላት፣ ሁሉን በእጇ ትጽፋለች።

ተልኳል በይ አልኳት።

ረቡዕ፣ የካ. 19። 5፡30

ጥሩ ቀን አይደለም።

ዝናሽ ጠዋት በእግሯ መጣች። ከገደሉ ሥር ያለችው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ፊቷ ላብ በላብ ነው። ያመጣሁት አክታ መልስ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። አምስት ሰው። ሲ/ር እናትነሽ መዝገቧን አወጣች። ከአምስቱም ትይዩ በሷ እጅ «ተልኳል» ተጽፏል። ዝናሽ ስልኳን ከፍታ አሳየች። ምንም የለም።

ተጠራሁ። ሰርቨሩን አየሁ። አምስቱም ቲቢ አለባቸው። አምስቱም አልተላኩም።

ኃላፊው አቶ ጌጡ በሰው ፊት ተቆጧት። ያልላክሽውን ልኬያለሁ ብለሽ ትጽፊያለሽ ወይ አሏት። ተጭኛለሁ፣ በእጄ ተጭኛለሁ አለች። ወደኔ ዞሩ። ሰርቨሩ ምን ይላል? ከሷ ክፍል የመጣ የመላክ ትእዛዝ የለም አልኩ። እውነት ነው፣ የለም። ግን ያልኩት በሩን በሷ ላይ ቆልፎባት ወጣ።

ረቡዕ፣ 9፡45

ደብተሬ፣ አገኘሁት። ባላገኘሁት።

ገጹን ከፍቼ፣ ላብራቶሪ ክፍል ሄጄ የውሸት ስም አስመዘገብኩ። ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ረድፉ መጣ። ተጫንኩት። ገባ አለ። ዝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ገጹ ሲከፈት ስክሪፕቱ፣ ገጹን የሚያሠራው ትእዛዝ፣ አንድ ጊዜ ይሮጣል። በዚያች ቅጽበት ገጹ ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ይዞ፣ ሲጫኗችሁ ይህን አድርጉ ይላቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ረድፍም ቁልፍ አለው። መልኩ ያው ነው። ግን ምን እንደሚያደርግ የነገረው የለም። ሲ/ር እናትነሽ ገጹን ጠዋት ከፍታ እስከ ማታ አትዘጋውም። ጠዋት የተገኘ ይላካል። ቀን የመጣ አይላክም። ማታ ደግሞ ገጹ የዕለቱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ማኅደር ጠቅልሎ ያስገባል፣ የተላከ ያልተላከ አይለይም። ያንንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይደክመዋል ብላኝ ነበር። በኔ ሙያ ከዚህ የበለጠ ምን ትነግረኝ?

መጀመሪያ ስክሪፕቱን ከሚመጣው ረድፍ ጋር አብሬ ላክሁት፣ ሲደርስ ራሱ እንዲሮጥ። መጣ፣ ገጹ ውስጥ ገባ፣ አልሮጠም። እንዲህ ዘግይቶ የሚገባ ስክሪፕት ዝም ብሎ ነው የሚቀመጥ። ከዚያ ቁልፎቹን ተውኩና መጫኑን የሚሰማውን ጆሮ ረድፎቹን ሁሉ ለያዘው ሰንጠረዥ ሰጠሁት። ሰንጠረዡ ከጠዋት እስከ ማታ አለ። በውስጡ የትኛውም ቁልፍ ቢነካ፣ የቆየም ይሁን አሁን የመጣ፣ የመጫኑ ምልክት ወደ ላይ ወጥቶ እሱ ዘንድ ይደርሳል።

ሦስት መስመር። ሃያ ደቂቃ።

ስሞክረው ለምን አላየሁትም? አሥር የውሸት ስም አስቀድሜ አስገብቼ ነበር ገጹን የከፈትሁት። ሁሉም ቀድመው ነበሩ። አንድ ረድፍ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ጠብቄ አላውቅም።

አሮጌውን ገጽ ፍላሽ ላይ አስቀረሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካ. 20። 11፡00

ከዝናሽ ጋር ቁልቁል ወረድኩ። አራቱን ትናንት ሰው ልካ አግኝታቸዋለች። አምስተኛው የኔታ ኅሩይ ናቸው፣ የዜማ መምህር። ድጓውን ቤተ ልሔም ተምረው፣ እዚህች ትንሽ ደብር ወንበር ዘርግተው የኖሩ። እሳቸው ዘንድ ራሴ ልሂድ አልኩ።

መደብ ላይ ግድግዳ ተደግፈው አገኘናቸው። ተማሪዎቹ በጎጆዋ ውስጥ ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል። እየሳሉ ያስተምራሉ፣ ሲያቆማቸው ይጠብቋቸዋል። አጠገባቸው የታጠፈ ጨርቅ ነበር። ስንገባ በእጃቸው ሸፈኑት። አይቻለሁ፣ ደም ነው።

«ከጤና ጣቢያው ነህ?»

«አዎ የኔታ። ውጤትዎን ይዤ ነው።»

«ካለብኝ እንደሚነግሩኝ ዝናሽ ነግራኝ ነበር። ዝም ስትሉ ጊዜ ደኅና ብሆን ነው ብዬ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ልጆቹንም ከኔ አልለየኋቸውም።»

መልእክቱ አልደረሰም አልኳቸው።

«መንገድ ቀረ?»

«ከዚያው አልተነሣም፣ የኔታ።»

ሳሉ። ዝናሽ ውሃ ሰጠቻቸው።

«እንግዲያስ እነዚህን ልጆች ይዛችሁልኝ ሂዱ። ዛሬውኑ። እኔ እደርሳለሁ» አሉ።

የማን ጥፋት ነው አላሉኝም። ቢሉኝ እነግራቸው ነበር? ሽቅብ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንን ነው የጠየቅሁት።

ረቡዕ፣ የካ. 26። 8፡10

የኔታን ጠዋት በቃሬዛ አመጧቸው። ገበሬዎቹ ተራ በተራ ተሸክመው። መድኃኒት ጀምረው ነበር፣ ሰውነታቸው ግን እንቢ አለ። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ከተማሪዎቹ ሁለቱ ተገኘባቸው፣ ሁለቱም ዲያቆናት። ከተማው ቤ/ክ ግቢ ተጠግተው በየጠዋቱ እየመጡ በነርስ ፊት መድኃኒታቸውን ይውጣሉ።

ሲ/ር እናትነሽ ከሥራ ታገደች። ምክንያት፦ የሐሰት መዝገብ። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ አየኋት። የክፍሏን ቁልፍ አስረክባለች።

አቶ ጌጡ ዘንድ ገባሁ። የገጹን ነገር ነገርኳቸው። ሁሉን አይደለም። ስሕተት ነበረበት፣ አስተካክያለሁ አልኩ። እሳቸውም ከተስተካከለ ምን ያስቆሰቁሳል አሉ። ገና ልጅ እንደሆንኩ፣ ኮሚቴ ፊት ኮድ ኮድ ብል የሚገባው እንደሌለ፣ እሷም ብዙ ያገለገለች ስለሆነች በማስጠንቀቂያ እንደምታልፍ ነገሩኝ። በደግ ድምፅ።

አመስግኜ ወጣሁ። ደብተሬ፣ አመሰገንኩ።

እሑድ፣ የካ. 30

የኔታ ዐረፉ። ዛሬ ተቀበሩ።

ካህናቱ ብዙ ነበሩ። የአንዱ ድምፅ መሐል ላይ ተሰበረ፣ ሌላው ተቀበለው። የሆስፒታሉን ሐኪም ጠይቄው ነበር፤ ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢጀምሩ ምናልባት አለ። ምናልባትም ላይሆን ይችል ነበር አለ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ሲ/ር እናትነሽ ከሴቶቹ ኋላ፣ ቅጥሩ ጋ ቆማለች። ሰው ሲበተን በአጠገቤ አለፈች።

«ነግሬህ አልነበር?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ሰው እየሰማ ነበር። ነፍስ ይማር አልኳት።

ማክሰኞ፣ መጋ. 2። 7፡00

ኮሚቴ። ከወረዳ ሦስት ሰው። መዝገቧ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ አጠገቡ እኔ ከሰርቨሩ ያተምሁት ወረቀት። ወረቀቱ አልተላከም ይላል፣ መዝገቧ ተልኳል ይላል። ማን ያምናታል?

ለአይቲው ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ አለች።

ሰብሳቢው ወደኔ ዞሩ። «ነግራሃለች?»

«አላስታውስም።»

ይህን አልኩ። ደብተሬ፣ አንተ ላይ የተጻፈ ነው፣ የካ. 3 እና የካ. 7፣ በገዛ እጄ። አላስታውስም አልኩ።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ነጠላዋን ነው ያስተካከለችው። ውሳኔ ነገ በ5 ሰዓት።

ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ፣ መጋ. 3። ጠዋት 4፡40

ከኮሚቴው በር ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ራሴም እንዳላምታታው።

ጠዋት 12፡30 ቃሌን ጽፌ ጨረስኩ። አንድ ገጽ። አንዱን ቅጂ ይዤ ሲ/ር እናትነሽ ቤት ሄድኩ። ደጅ ላይ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ቆማ አነበበችው። ግባ አላለችኝም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«እኔ ከታገድኩ ሳምንት ሆነኝ። ሁለቱ ዲያቆናት በማን ፊት ነው መድኃኒቱን የሚውጡት?»

አላወቅሁም።

«መጀመሪያ እሱን አጣራ። ለኔ መናገሩ ከዚያ ይደርሳል።» ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ሄድኩ። የቲቢ ክፍል ተቆልፏል። ዘበኛውን ጠየቅሁት። ልጆቹ በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ በሩን ዝግ ሲያገኙት ትንሽ ቆመው ይመለሳሉ አለኝ። ማንንም አልጠየቁም? ማንን ይጠይቃሉ አለ። አቶ ጌጡን መሳቢያቸው ውስጥ የነበረውን ቁልፍ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሥራዋን የተረከበች ነርስ ያለች መስሏቸው ነበር፣ ሌላዋ ነርስም የተነገራት ነገር የለም። ክፍሉ ተከፈተ። የልጆቹን ካርድ አወጣሁ። ለየቀኑ አንድ ሳጥን አለ፣ ሲውጡ ምልክት ይደረጋል። ከሐሙስ እስከ ትናንት፣ ስድስት ባዶ ሳጥን። በሁለቱም ካርድ።

ይህ ስክሪፕት አይደለም። ይህን የሚያህል ነገር ለመሳት ኮምፒውተር አያስፈልግም። እኔ ግን ይህን ሳምንት ሙሉ የራሴን አንገት ነበር የምጠብቀው።

ልጆቹን ከቤ/ክ ግቢ አስጠራናቸው። ነርሷ ፊት ዋጡ። ትንሹ ውሃውን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ሐኪም ገና ሊያያቸው ነው፤ መቋረጡ ምን ጉዳት እንዳደረሰ አይታወቅም።

አሁን እዚህ ነኝ። ጉልበቴ ላይ ላፕቶፕ አለ፣ አሮጌው ገጽ ከፍላሹ ተከፍቷል። እኔ አላስረዳም። ከላብራቶሪው አንድ ረድፍ እስኪመጣ አስጠብቃቸዋለሁ፣ ከዚያ ሰብሳቢው ራሳቸው እንዲጫኑት እጠይቃለሁ። ዝም ሲላቸው ያዩታል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ እላለሁ። ተልኳል ብለሽ ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ እላለሁ። ትናንት አላስታውስም ያልኩት ውሸት ነው እላለሁ። ሁለቱን ካርዶችም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።

አቶ ጌጡ አልፈውኝ ገቡ። ወረቀቱን እጄ ላይ አዩት።

ሲ/ር እናትነሽ መጣች። ከወንበሩ ጥግ ተቀመጠች። ዋጡ ወይ አለችኝ። ዛሬ ዋጡ አልኳት። ስንት ቀን ሳቱ? ስድስት።

ዐይኗን ጨፈነች።

በሩ ተከፈተ። እሷን ነው የጠሩ። እኔ ልቅደም ልላቸው ነው፣ ተነሣሁ።