ትናንት እየሳቅኩ አልነበረም

ሜካኒኩ ባሌ፣

ለክትትል ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ምሳህ ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀህ ብላ።

ዶክተሯ እንዳለችኝ አስም ክፉኛ የሚነሳው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ያስለኛል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። እሱን ታውቀዋለህ። ሌላው ሳይታሰብ ዱብ ይልና በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ያሳጣል።

ትናንት የአህያዋን ቀልድ ስትነግረኝ ደረቴን ይዤ ጠረጴዛ የደበደብኩት ይሄኛው መጥቶብኝ ነው። አንተ ግን የሳቅኩ መስሎህ «ቆይ፣ ገና ነው» እያልክ ቀጠልክ።

በቀልድህ ስቄ አላውቅም።
ስለዚህ ስስቅ ካየኸኝ ቀጥ አድርገህ አስቀምጠኝ፣ ፍሪጁ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ኢንሄለር ስጠኝና አምቡላንስ ጥራ።

ኋላ ነገሩ ገብቶህ ተሸክመኸኝ ደረጃውን ስትወርድም ቀልዱን አላቋረጥክም። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ሳትደርስ ራሴን ሳትኩ።

ለመሆኑ አህያዋ ምን አለች?