ዳኛውና ቆጣቢው በእህትህ ቀብር ላይ

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለው ለበኩር ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ እንደምን ናት? ትልቋን ልጅህን ያ ሳል ለቀቃት ወይ? ትንሹስ ጥርስ አወጣ? አማትህ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ፣ ደረጃውን መውጣት ቻሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ከካውያው ሙቀት የተነሳ እጄ ማታ ማታ ያብጥብኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ላውንደሪው ውስጥ የአንሶላው ሥራ እንደ ድሮው ነው፣ አያልቅም። የደህንነቱን ነገር እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ንዴቴ ልግባ። ከዚህ በላይ ደህና ነህ ወይ እያልኩ ብደረድር አስመሳይ መሆኔ ነው።

ስለ እህትህ ቀብር የጻፍከው ጽሑፍ ደርሶኛል። ከእሱ ቀጥሎ የላክኸው ደብዳቤም ደርሶኛል፣ ያ «እማዬ፣ ድርሰት ስለማይገባሽ ነው የከለከልሽው» ያልክበት። ትምህርቴ ትንሽ መሆኑን ካንተ አልሰማሁትም፣ ካንተ በፊት አውቀዋለሁ። ጽሑፍህን ግን ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ አንድ ቃል ሳልዘል አንብቤዋለሁ። ለምን እንዳይሰቀል እንደከለከልኩ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ ራሴ እጽፍልሃለሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ንዴቴ ግን ስለማይበርድ ደርሼ እጨርሰዋለሁ።

ጨዋታውን የረሳኸው ስለመሰለኝ ከሥሩ ላስታውስህ። እህትህ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ሆና የተቀጠረች ሰሞን፣ የሁለት አሮጌ ልብ ወለዶች ገጽ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀላቀለባት። አንደኛው ያ አላፈገፍግም ባዩ የጦር አዛዥ ያለበት ነው። ሁለተኛው ያቺ ለጋብቻ የጠየቃትን ወንድ ሁሉ በጥያቄ የምትመልሰው ባልቴት ያለችበት ነው። ሙጫው ሳይደርቅ ልጨርስ ብላ ስትጣደፍ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍታ ጠረዘቻቸው። ባልቴቷ ሸሚዝ እየተኮሰች ገጹ ሲገለጥ፣ አዛዡ ጎራዴውን መዝዞ «ወደፊት!» ይላል። መጽሐፉን የተዋሱት ሴትዮ ሲመልሱ ምን አሉ? መጽሐፉ መልካም ነው፣ ግን ያ ሰውዬ እንደዚያ እየጮኸባት ሸሚዙን ሳታሳርር መጨረሷ ገረመኝ አሉ። ዋናው ጠራዥ ሽማግሌው ሊቆጧት አፋቸውን ከፍተው ሳቁ ቀደማቸው፤ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ነው ሁለታችሁ በስልክ ያን ጨዋታ የያዛችሁት። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አዛዡ ታክሲ ነጂ ቢሆንና መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥ ቢገባስ ትልሃለች። አንተ ደግሞ ወደኋላ መመለስ እምቢ ብሎ ከግድግዳው ጋር ይደራደራል ትላታለህ። ረዳቱ ዳኛው ይሁን ትላለች፣ ያ በሌላ መጽሐፍ በገዛ ድመቱ ላይ እንኳ የፈረደው። ተሳፋሪውን ሁሉ መልስ ሳይሰጥ ቅጣት ይሰጣል ትላታለህ። የሌላኛው መጽሐፍ ቆጣቢውስ? እሱማ ጫማው እንዳያልቅበት በእጁ ይዞ ከኋላ እየሮጠ ነው፣ ታክሲው ስለቆመ ደረሰበት ትልሃለች። ስልኩ ጆሮዋ ላይ እስኪግል ትስቁ ነበር። እኔን ማንም አላጫወተኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ድምፃችሁን መስማት ይበቃኝ ነበር።

ሕጋችሁ አንድ ብቻ ነበር። ሰዎቹ የትም ይሂዱ፣ ከማንም ይገናኙ፣ ጠባያቸው ግን መጽሐፋቸው ውስጥ እንዳለው መሆን አለበት። ቆጣቢው ቸር ከሆነ ጨዋታው ፈረሰ። አንተ አንዳንዴ ለማሳመር ብለህ ስታለዝበው «አጭበረበርክ ሊቁ! ድገም!» ብላ ትጮህብህ ነበር። እሷን አታውቃትም እንዳልል አብረሃት አድገሃል።

ሆስፒታል ከተኛች በኋላ የጠየቀችህን ታስታውሳለህ? እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ነው ያለው፣ የሚገባውም አንድ ጠያቂ ብቻ ነው፤ ዘበኛው ለማንም አያዝንም። እሷም ደወለችልህና ዳኛው፣ አዛዡ፣ ባልቴቷና ቆጣቢው ሊጠይቁኝ በር ላይ ቢመጡ የሚገባው የትኛው ነው አለችህ። አንተም ሥራ ላይ ነኝ፣ ላስብበትና እደውላለሁ አልካት። እሷ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። በማግስቱም በጠያቂ ሰዓት ደረቷ ላይ ነበር። ነርሷ ልታነሳላት ስትል ተዪው፣ ወንድሜ እያሰበ ነው አለቻት።

አልደወልክም። ጥበቃዋን ማየት ሲያቅተኝ እስቲ እኔን ጠይቂኝ አልኳት። አንቺ መጽሐፎቹን አታውቂያቸውም እማዬ አለችኝ። ስንት ዓመት ጓዳ ሆኜ ስሰማችሁ ኖሬ ሰዎቹን እንደ ጎረቤት አውቃቸዋለሁ አልኳት። እንግዲያው ማን ይግባ አለችኝ። ቆጣቢው ይግባ አልኩ። ለምን አለችኝ። ወንበሩ በነጻ ነው፤ በነጻ የተገኘ ወንበር ላይ አንዴ ከተቀመጠ ዘበኛው ጎትቶ እስኪያስወጣው አይነሳም፣ ከሁሉም የበለጠ አብሮሽ የሚቆየው እሱ ነው አልኳት። ልጄ ሳቀች። ጎኗን ይዛ፣ እያመማት ሳቀች። ሊቁን አሸነፍሽው እማዬ አለችኝ። እህትህ ስትስቅ ያየሁት የመጨረሻ ጊዜ እሱ ነው። አንተ ግን ያኔም እያሰብክ ነበር።

መልስህ ከቀብሯ በኋላ መጣ። እሷ አንድ ሰው ምረጥ አለችህ፣ አንተ አራቱንም በሰልፍ አመጣሃቸው። ያውም ወደ ክፍሏ ሳይሆን ወደ መቃብሯ። ዳኛው ካባውን አውልቆ ሣጥኑ ላይ ያለብሳል። አዛዡ ተንበርክኮ ዛሬ ተሸነፍኩ ይላል። ባልቴቷ መጠየቋን ትታ ታለቅሳለች። ቆጣቢው ሳይቀር አበባ ገዝቶ ይመጣል፣ ያውም ጫማውን አድርጎ! አንዱስ እንኳ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለው አይደለም። ሁሉንም ደግ አደረግሃቸው። እሷ ብትሰማህ ምን እንደምትልህ አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔ አልደግመውም።

ይህን ሁሉ ይለፍ ልለው እችል ነበር። ድርሰት ነው፣ ሐዘን ሰውን ያለዝባል ብዬ ዝም ባልኩ። የማላልፈው መጨረሻውን ነው። ከአራቱ መሃል ገብተህ «ወንድሟም የሣጥኑን ራስጌ ተሸክሞ፣ ፀሐይዋ ፊቱን እያቃጠለችው ወጣ» ብለህ ጻፍክ። አንተ! የትኛውን ራስጌ? የትኛዋ ፀሐይ?

የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ራስጌውን የተሸከሙት ዋናው ጠራዥ ናቸው፤ ወገባቸውን ታመው የሙጫ ቆርቆሮ እንኳ በልጅ የሚያስነሱት። ጭቃው አንዱን ጫማቸውን ዋጠባቸው። አስቀምጡኝና ላውጣው አላሉም፣ በአንድ ጫማ እስከ ጉድጓዱ ሄዱ። ከእሳቸው ጎን የላውንደሪው ሾፌር ነበር። ግርጌውን የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛና ከበላያችን የሚኖረው ያ ሰካራም ቧንቧ ሠራተኛ ያዙት። ስታልፍ አፍንጫህን የምትይዝበት ሰውዬ የዚያን ቀን አንድ ጉንጭ አልቀመሰም። ሣጥኑንም እስከ ጉድጓዱ አልለቀቀም። ቀባሪዎቿ እነዚህ ናቸው። ጽሑፍህ ውስጥ ስፈልጋቸው አጣኋቸው። መጽሐፍ ውስጥ ላሉት ሰዎች ቦታ ተገኘ፣ ላንተ ቦታ ተገኘ፣ ለእነሱ ጠፋ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጽሑፍህን በትልልቅ ፊደል አሳትማ፣ መስታወት አስገብታ፣ እህትህ ትሠራበት በነበረው የጥገናው ክፍል በር አጠገብ ልትሰቅለው መሆኗን አንተው ነህ የነገርከኝ። እሺታዬን ልትጠይቅ ላውንደሪው ድረስ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም። እናታችን፣ ያነበበው ሁሉ አልቅሷል አለችኝ። ያለቀሱት ቀብር ያልመጡት ናቸው አልኳት። ዋናው ጠራዥ በየጠዋቱ በዚያ በር ነው የሚገቡት፤ የተሸከሙት ራስጌ የሌላ ሰው መሆኑን በሩን ከመክፈታቸው በፊት እንዲያነቡ ነው የምትፈልጊው አልኳት። አልሰቅለውም ብላ ሄደች። እሳቸው ራሳቸው ነገሩን ሲሰሙ መጥተው ተዪው እትዬ፣ ድርሰት አይደል፣ ልጁም ከፍቶት ነው አሉኝ። እርስዎ ይተዉት፣ እኔ አልተውም አልኳቸው።

ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ከማን እንዳገኘው እንጃ፣ ጽሑፉን ይዞ ደረጃው ላይ አገኘኝ። ሞቅ ብሎት ነበር። እትዬ፣ ሁለቴ አነበብኩት፣ እኔ የትኛው ነኝ አለኝ። ቀጥሎም አዛዡ ከሆንኩ ይሁን፣ ደስ ይለኛል፤ ግን ጋሼ በአንድ ጫማ የሄዱት የታሉ አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው። እኔ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እሱም ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ከጎኔ ቁጭ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ከድርሰትህ ያወጣኸው።

ለቀብሯ ለመምጣት ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም ብለህ ነበር። አምኜህ ነበር፤ ለሰውም እንደዚያው ነግሬ ነበር፣ መሥሪያ ቤቱ ያዘው እያልኩ። በኋላ ባለቤትህ ልታጽናናኝ ደውላ፣ የዋህ ናት፣ እማማ እሱም እኮ ተጎድቷል፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ቀርቶ በሩን ዘግቶ ስለ እሷ ሲጽፍ ነበር አለችኝ። እንዳትቆጣት። ምን እንደነገረችኝም አላወቀችም። ለመጻፍ የተገኘው ሳምንት ለመምጣት አልተገኘም ማለት ነው። እኛ ጭቃ ስንረግጥ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ፀሐይ ታወጣ ነበር።

የሞተ ሰው ፊት መቆም ያስፈራል ብትለኝ ይገባኛል። ፈራሁ እማዬ፣ አቃተኝ ብለህ ሁለት መስመር ብትልክልኝ ኖሮ ወረቀቱን ደረቴ ላይ አድርጌ በዞርኩ። የመጽሐፍ ሰዎችን ሰብስበህ፣ ጠባያቸውን ገልብጠህ፣ ይቅር እንዲሉህ አደረግሃቸው። እነሱ ምን ቸገራቸው፣ በል ያልካቸውን ይላሉ። እኔ ግን አንተ የጻፍከኝ ሰው አይደለሁም።

በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ ጽሑፉ የሚሰቀል ከሆነ ለምረቃው መጥቼ ቆሜ አነበዋለሁ፣ ፈቃዱንም ካሁኑ አግኝቻለሁ ብለሃል። ለእህትህ ሕመም ያልተገኘ ፈቃድ፣ ለቀብሯ ያልተገኘ ፈቃድ፣ ለግድግዳ ተገኘ። እሰይ። እንግዲህ ምረቃ የለም፣ የሚሰቀል ነገርም የለም። ኃላፊዋን ብትለምናት፣ ጠራዡን በሽምግልና ብትልክብኝ ቃሌን አላጥፍም።

ፈቃዱ ግን በእጅህ ነው። አሁን እዚህ የሚጠብቅህ ግድግዳ የለም፣ የሚያጨበጭብ ሰው የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። ትመጣ እንደሆነ አያለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፣ እንደ ልጄ ነው የምወዳት በልልኝ። ትልቋን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ሹራቧን ሠርቼ ልጨርስ እጅጌው ብቻ ቀርቶኛል። ትንሹን እግሩን ሳምልኝ። አማትህን እንደምን ሰነበቱ በልልኝ፣ ለጉልበታቸው ሙቅ ውሃ ይያዙበት። ለጎረቤታችሁ፣ ለዚያች ልጆቹን ለምትጠብቅላችሁ ሴት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በላት። ላንተ ሰላምታ በወረቀት አልልክም።

እናትህ

ከቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ግንቦት ፲፱ ቀን