መምህር ባምላኩ ደረሰ ያላነሱት ፎቶግራፍ

መምህር ባምላኩ ደረሰ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ተስፋው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አደይ ባዬ በ1951 ዓ.ም. ማንኩሳ ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል የመጣው ሕዝብ የጅጋን ገበያ በትኖ ነበር፤ እኔ ታናሽ ወንድማቸው አሸናፊ፣ ባልነበርኩበትም አረጋግጣለሁ።

ትምህርታቸውን በፍኖተ ሰላም አጠናቀው በ1974 ዓ.ም. ማስተማር ጀመሩ። የሥዕል ችሎታው ከእናታቸው ማሕፀን አብሯቸው የወጣ ነው። ፎቶግራፉን ቡሬ ፎቶ ቤት ከነበራቸው ከሐጂ ዑስማን ተምረው በሦስት ወር መምህራቸውን በለጡ። በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካለ ማርያም ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1996 ዓ.ም. “ተማሪ ተኮር” የሚል መመሪያ ሲወርድ፣ ሌላው መምህር ወንበር በክብ አስደርድሮ ያንኑ ሰሌዳ አስገለበጠ። በመላው ጎጃም መመሪያውን ያመኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የራሳቸውን ካሜራ ለስምንተኛ ክፍል ሰጡ፤ ሠላሳ ስድስት ተማሪ፣ ሠላሳ ስድስት ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ አንድ። የሚነሳውን የሚመርጠው ተማሪው ነው። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው “ለምን ይህን መረጥህ?” ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም።

በወላጆች ቀን ፎቶዎቹ ተሰቀሉ። “ተሠርቶ ተጠናቋል” የሚል ሪፖርት የተላከለት የሴቶች መጸዳጃ፣ በር አልባ ሆኖ እንግዶች ፊት ታየ። ያነሳችው ንግሥቴ የምትባል ተማሪ ነበረች። ርዕሰ መምህሩ፣ ዛሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መካከላችን ስለተቀመጡ ስማቸውን አልጠራም፣ በማግስቱ ግምገማ ጠሩ።

“ስማ ባምላኩ፣ ወይ ያነሳኸው አንተ ነህ፣ ወይ ልጅቷ ትባረራለች። ምረጥ!”

ወንድሜ “እኔ ነኝ ያነሳሁት” ብለው ፈረሙ። በዕድሜያቸው የዋሹት ያችን ብቻ ነው። “በተማሪ ስም የሚነግድ” ተብለው ከክፍል ወጡ፤ ቋሪት ገበዝ ማርያም ትምህርት ቤት ወርደው የንብረት ክፍል ጠባቂ ሆኑ። ያ ሁሉ እጅ ለመጥረጊያና ለጠመኔ ሳጥን! እውነቱን እናውጣ ስንላቸው “ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ” እያሉ ስምንት ዓመት አፋችንን ያዙን። ንግሥቴ አምና በመምህርነት ተመርቃለች።

መምህር ባምላኩ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም. በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት “በገዛ ፈቃዳቸው ከክፍል ለቀቁ ተብሎ ይጻፍ” የሚል መልእክት ደርሶን ነበር። ደፋር! ማታውን ደግሞ ንግሥቴ ከቡሬ መጥታ “ጋሼ፣ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ መሆኔን ካልጻፉ ለቀብሩ አልቆምም” አለችኝ። እነሆ ቆማለች። ያነሳችው እሷ ናት፤ ይህንንም ወረቀት በሺህ ቅጂ አሳትሜዋለሁ።

ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን እግዚአብሔር ያጽናልን፤ የሰው ልጅ ለማዳን ስሟን ያጎደፈችውን ነፍስ በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍልን። ለርዕሰ መምህሩም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ይህን ወረቀት ደጋግመው የሚያነቡበት።